ራሴ ካልገባሁ የማይገባ ፕሮግራም

ቲሆሚር ደረጃው ላይ ቆሞ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነ።

«አይንገሩኝ! እትዬ ሴቭዳ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ አይንገሩኝ!»

«ገና ምን ነገርኩህ? በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ቀጥሎ...»

«ላ ላ ላ ላ!» ብሎ መዝፈን ጀመረ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው። የሁለተኛ ፎቅ በር በስንጥቅ ተከፈተ፣ አንድ ዓይን አየንና ተመልሶ ተዘጋ።

እኔን የሚያስቀኝ ነገር አልነበረም። ከሠላሳው ቀን ስድስቱ አልፎ ነበር።

ልጄ ቢልያና አሥር ዓመቷ ነው። በመጋቢት መጨረሻ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ወደቀች። የሰፈራችን ሐኪም ደረቷን አዳምጠው ሲጨርሱ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ መልሰው አስገቡት። ያ ሁለተኛው ማዳመጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ዋና ከተማችን ሶፊያ ወዳለ የልጆች የልብ ክሊኒክ ሪፈር ጻፉልን። ሪፈር የሚያገለግለው ለሠላሳ ቀን ነው። በሠላሳው ቀን ውስጥ ካልታየች ወረቀቱ ይሞታል፣ ሐኪሙም የወሩን ድርሻቸውን ስለጨረሱ ሌላ መጻፍ የሚችሉት በሚቀጥለው ወር ነው። ሌላ ወር ደግሞ ሌላ ስፖርት፣ ሌላ ደረጃ፣ ሌላ መውደቅ ማለት ነው።

ክሊኒኩ ቀጠሮ የሚሰጠው በስልክ አይደለም፣ ሄደው ቢለምኑትም አይደለም። በገጹ ላይ በስምና በይለፍ ቃል ገብቶ ነው። የገባ ሰው የሚያየው «ነጻ ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው ቀጠሮውን ሲሰርዝ ብቻ አንዲት ቦታ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ አትቆይም።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ነው፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው የአዋቂዎች ክፍል። «የለም» የሚለውን ቃል ግን ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በፊት ፊደል ሳልቆጥር ማንበብ ችያለሁ። በቀን አርባ ጊዜ አየው ነበር። ምግብ ሳበስል አየዋለሁ፣ አውቶብስ ስጠብቅ አየዋለሁ። ያን ዕለት ደግሞ የገበያ ዘንቢል በአንድ እጄ፣ ስልኩን በሌላው ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳየው ነው ቲሆሚር የደረሰብኝ። እሱ ከኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ አገር ድርጅት ፕሮግራም ይጽፋል።

«ይህንን እኮ ማሽን ሊያይልዎት ይችላል» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወዲያው የይለፍ ቃሌን ልነግረው ጀመርኩ። ቁልፍ ሳይሰጡት የሚገባ ማን አለ ብዬ።

ጆሮውን ሲለቅ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ፕሮግራሙን እጽፍልዎታለሁ። ቃሉን ግን አልሰማም፣ አላይም፣ የትም አላስቀምጥም።»

«ታዲያ ሳታውቀው በምን ትገባለህ?»

«እኔ አልገባም። እርስዎ ይገባሉ፣ እሱ ከኋላዎ ይከተላል።»

በማግስቱ ጠዋት ቢልያና ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ የእሷን አሮጌ ላፕቶፕ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። እኔ ስፌት ፋብሪካ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የራሴ ነው። ቢልያና ስለ ክሊኒኩ «እንዲያው ለማየት ያህል» ብቻ ነበር የነገርኳት፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እሷ ስትወጣ ተጀምሮ ሳትመጣ ማለቅ ነበረበት።

ቲሆሚር ፊቴን ሲያይ ምንም እንዳልገባኝ አውቆ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

«ፓቬል ባንያ ፍል ውሃ ሄደው ያውቃሉ?»

«ለወገቤ፣ በየዓመቱ።»

«መግቢያው ላይ ማንነትዎን አይተው እጅዎ ላይ ላስቲክ ያስሩልዎታል አይደል? ከዚያ በኋላ ውስጥ ሲዘዋወሩ ማንም መታወቂያ አይጠይቅም፣ ላስቲኩን ያያል። ገጹም እንደዚያ ነው። ስምና ቃልዎን አንዴ ያስገቡለታል፣ እሱ ለዚህ ኮምፒውተር ላስቲክ ያስርለታል። የኔ ፕሮግራም ያንን ላስቲክ ይዞ በየሦስት ደቂቃው ጎራ ይላል፣ ቦታ አለ ወይ ብሎ ይመለሳል። ቃሉ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም።»

«ላስቲኩ ቢወልቅስ?»

«ጥሩ ጥያቄ። በቀን አንዴ ይወልቃል። ያኔ ዶሮ ይጮሃል፣ እርስዎ ራስዎ ተመልሰው ይገባሉ። ቦታ ከተገኘ ደግሞ ደወል ይደወላል። ያኔ መሮጥ ነው።»

«ዶሮ?»

«ሌላ ድምፅ አላገኘሁም» አለ፤ ውሸቱን ነበር፣ ከንፈሩ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋና ፊቱን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረ። እንደ ጎረምሳ ልጅ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የቢልያናን የትምህርት ሰዓት ማንበብ ጀመረ፣ ጮክ ብሎ። «ሰኞ፣ ሒሳብ። ማክሰኞ፣ ሒሳብ። ኧረ ይችን ልጅ ገደሏት።»

እኔ ለመግባት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ፊደል አለ፤ አንዱ የኛ አገር ሲሪሊክ፣ አንዱ የላቲን። እኔ የተማርኩት የኛን ነው፣ ገጹ የሚፈልገው የላቲኑን። የሐኪሙ ነርስ ቃሉን የጻፈችልኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ ነበር፤ ብጣሿ አጠገቤ ባትኖርም ቅርጿን በዓይኔ ይዤዋለሁ። አንዱን ፊደል እፈልጋለሁ፣ አገኛለሁ፣ እጫናለሁ፣ ምን እንደተጫንኩ ግን አይታይም፤ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው። አጥፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ገባሁ። «ነጻ ቦታ የለም» አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አንብቤው አላውቅም።

ደስታዬ እስከ ረፋድ ድረስ ነው የቆየው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዶሮው ጮኸ። ገባሁ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ። ገባሁ። ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ጮኸ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛው ቀንም። ቲሆሚር በቀን አንዴ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ጠዋት አምስቴ፣ ስድስቴ ስገባ እውላለሁ። ጣቴ እየፈጠነ ሄደ፣ ይህ አይካድም። መምህርታችን ኢስክራ እንኳ ቅዳሜ ዕለት «ምን በልተሽ ነው በላቲን ፊደል የቀደምሽን?» ብላኛለች። ነገር ግን እያንዳንዱ ዶሮ ጮሆ እኔ እስክገባ ድረስ ያለው ጊዜ ባዶ ነው፣ የሚጠብቅ የለም። በዚያች ባዶ ጊዜ ውስጥ የተከፈተ ቦታ ሌላ እናት ትወስደዋለች።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቲሆሚርን ጠራሁት። ላፕቶፑን አየ፣ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቃልዎን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ባለቤትዎ?»

«እሱ ጀርመን ሆኖ መኪና ይነዳል። የሚያውቀው በየማታው 'አገኛችሁ?' ብሎ መጠየቅ ነው።»

«ቢልያና?»

«እሷ ስለ ገጹም አታውቅም። ማንም ሌላ ሰው አያውቅም አልኩህ።»

በልጄ እምላለሁ፣ አልዋሸሁትም። እንደዚያ ነበር የማምነው።

አሥራ ስምንተኛው ቀን አለፈ። ስፌት ላይ ሁለት ጊዜ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ከሥራ ስመለስ ቢልያና ተኝታ አገኛታለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እስካይ አልገባም።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ዶሮው ጮኸ። ተቀምጬ ሦስተኛውን ፊደል ስጫን በሩ ተደበደበ። ከፈትኩ። እትዬ ቶትካ ናቸው። ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ጀምሮ አይሠራም፣ በአንድ እጃቸው የበሩን ጠርዝ፣ በሌላው ጎናቸውን ይዘው ያለከልካሉ።

«ሐሙስ!» አሉኝ። «ሐሙስ ይመችሻል? አራት ሰዓት ተኩል!»

«ምኑ ነው ሐሙስ?»

«ቦታው ነዋ! ተከፍቷል! በዓይኔ አየሁት እኮ!»

ወደ ላፕቶፑ ሮጥኩ። የቀሩትን ፊደላት እንዴት እንደተጫንኳቸው አላውቅም። ገባሁ። ነጻ ቦታ የለም።

እትዬ ቶትካ የመግቢያ ሁለት፣ በሕንፃችን ሁለተኛ በር የምንገባ ነዋሪዎች ሁሉ፣ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኃላፊ ናቸው። የሃያ አራቱም ቤት ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፣ በምስማር ላይ ተራ በተራ ተሰቅሎ። ሰማያዊ ደብተር አላቸው፤ የማን የውሃ ቆጣሪ ስንት እንዳነበበ፣ የማን የጋዝ ሲሊንደር መቼ እንደተቀየረ፣ የማን ልጅ የትምህርት ቤት ገጽ በምን ቃል እንደሚከፈት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። አዲስ ነገር የተሰጠው ሰው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ወስዶ ያስመዘግባል፤ ከዚያ እንዳይጠፋበት አይሰጋም። እኔም ነርሷ የሰጠችኝን ብጣሽ በዚያው ዕለት፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ እሳቸው ጋ አስቀምጬው ነበር።

ቲሆሚር ጩኸቱን ሰምቶ በነጠላ ጫማ ወረደ።

«በገጹ እንዴት አዩት፣ እትዬ ቶትካ?» አላቸው፣ ቀስ ብሎ።

«በምን አየዋለሁ? ልጄ ከቫርና በላከልኝ ታብሌት።»

«ማለቴ በማን ስም ገብተው?»

«በሴቭዳ ነዋ! በማን ልገባ፣ በጳጳሱ?»

ቲሆሚር ግድግዳውን ተደገፈ። «በቀን ስንቴ ይገባሉ?»

«አንተ ደግሞ ፖሊስ ሆንክ? ሰው ሲጨነቅ ዝም ብዬ አላይ። ከቁርስ በፊት አንዴ፣ ከገበያ ስመለስ አንዴ፣ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ ደግሞ ሁለትም ሦስትም። ለጽድቅ ነው፣ አታስከፍለኝ።»

«ታዲያ ቦታው ሲከፈት ለምን አልያዙላትም?»

«ሳልጠይቃት? ሐሙስ የጠዋት ፈረቃ ብትሆንስ? በሰው ልጅ ቀጠሮ ላይ እኔ እወስናለሁ እንዴ!»

ቲሆሚር ወደኔ ዞረ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

«ገጹ በአንድ ስም ሁለት ሰው አያስገባም» አለ። «እሳቸው ከታች በገቡ ቁጥር ፕሮግራሙን አንገቱን ይዞ ያወጣዋል። ዶሮው የሚጮኸው ለዚህ ነው። ዛሬም ሐሙስ ሲከፈት እሱ ውጭ ነበር። እትዬ ሴቭዳ፣ ሌላ ሰው አያውቅም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ሌላ ሰው አያውቅም» አልኩ። ስናገረው እንኳ ትክክል ነበር የሚመስለኝ። «እትዬ ቶትካ እኮ ናቸው።»

በመግቢያ ሁለት የሚኖር ሰው ይገባዋል። የኃላፊዋ ደብተር ሰው አይደለም፤ እንደ ራስ ኪስ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለውን ማን ያውቀዋል ቢሉህ ማንም ትላለህ።

እትዬ ቶትካ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትንፋሽ ስላጠራቸው ይሁን በሌላ፣ ጉንጫቸው ነጥቶ ነበር። «እኔ ነኝ ሐሙስን ያስመለጥኩት?»

«እርስዎ አይደሉም» አልኩ።

«እሱ እኔ ነኝ እያለ ነው።»

«ቃሉን መቀየር አለብን» አለ ቲሆሚር። «አሁኑኑ። አዲሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። እኔም አላውቀው፣ ማንም አይወቀው።»

«ብትረሳውስ?» አሉ እትዬ ቶትካ። «ይቺ እኮ ፊደል ከለየች ገና ስምንት ወሯ ነው። በደብተሬ ልጻፈው፣ ታብሌቱን አልነካም፣ እምላለሁ።»

ቲሆሚር ወደኔ ተመለከተ። ለኔ ተወው። ጨካኝ ልጅ ነው ብዬ በሆዴ ረገምኩት፤ ዛሬ ግን ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር አላውቅም።

«አይጻፉት» አልኩ።

«እኔ?»

«እርስዎም፣ እትዬ ቶትካ።»

«በዚህ መግቢያ የሃያ አራት ቤት ቁልፍ በእጄ ነው። ከአንዱ ቤት አንዲት ማንኪያ ስኳር ጎድሎ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ባልሽ ጀርመን ሲሄድ፣ አንቺ በጉንፋን ስትተኚ፣ ልጅሽን ከትምህርት ቤት ማን አመጣት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ምን አደረግሁ?»

ምንም አላደረጉም። ያደረጉት ሁሉ ደግ ነው። ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ዶሮው፣ ላስቲኩ፣ አምስቱ ደቂቃ፣ ሁሉም አፌ ላይ ተምታታብኝ። «ልጄ ናት» ብቻ አልኩ። እሳቸው ተነሱ፣ መቀመጫውን ወደ ቦታው መለሱ፣ ወጡ። በሩን አልዘጉትም፤ ሲወርዱ እያንዳንዱን ደረጃ ሰማሁት።

ቲሆሚር መልሶ ፊቱን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረ። ገጹ አዲስ ቃል ጠየቀኝ። ከስምንት ፊደል የማያንስ፣ አንድ ትልቅ ፊደል ያለው፣ ቁጥር ያለው። እስከዚያ ቀን ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ሌላ ሰው የሰጠኝን ነው፤ የመምህርቷን ዓረፍተ ነገር፣ የነርሷን ብጣሽ፣ የፋብሪካውን ፎርም። ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት፣ ማንም የማያርመው፣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ምን እንደመረጥኩ እዚህም አልጽፈውም። ሁለቴ አስጻፈኝ፣ ሁለቱ ተመሳሰሉ።

«ጨረሱ?» አለ ቲሆሚር። «የረቡዕን ሒሳብ አምስተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዶሮው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት ላይ ጮኸ። አንዴ እገባለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ላፕቶፑ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዝምታው ከጩኸቱ የበለጠ አስጨነቀኝ። ሞቷል ወይ እያልኩ እየሄድኩ አየዋለሁ። አንዴ ቲሆሚርን አስጠርቼ «ይተነፍሳል?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት አንድ ፖስታ አገኘሁ። ላዩ ላይ ስሜና የቤቴ ቁጥር፣ በሚያምር የድሮ የእጅ ጽሑፍ። ውስጡ የቤቴ ትርፍ ቁልፍ ነበር። ሌላ ምንም የለም። እትዬ ቶትካ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጎረቤት ጋር የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈሉ ነበር፤ ሳልፍ ሰላም አልኩ፣ ጎረቤቷ ብቻ መለሰችልኝ። ከጓዳ ሆኜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ላፕቶፑን አየሁ። የለም።

ሃያ ሦስት። ሃያ አራት። ቢልያና ደረጃ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «ጫማዬ ተፈታ» እያለች መቀመጥ ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። እኔም አብሬ እቀመጣለሁ፣ እንዳላወቀ ሰው።

ሃያ ሰባተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። በረንዳ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ደወሉ ተደወለ። መቆንጠጫው ከአፌ ወደቀ። አንሶላው ከእጄ አምልጦ ወደ ታች ፎቅ በረንዳ ሄደ፣ አላየሁትም። ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። ፊደል ሳልቆጥር አነበብኩት፤ ነገ፣ ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ተጫንኩት።

ቀጠሮውን ከማጽናቱ በፊት የይለፍ ቃሌን እንደገና እንዳስገባ ጠየቀኝ።

ይህንን ቲሆሚር አልነገረኝም ነበር፤ ምናልባትም አያውቅም። ሰዓት እየቆጠረ ወደ ታች የሚወርድ ቁጥር ከጎኑ አለ፤ አራት ደቂቃ። ቃሉን አስገባሁ። «ስህተት» አለኝ። ደግሜ አስገባሁ። «ስህተት። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።»

ቲሆሚር ጋ ደወልኩ።

«አቤ» አለ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነው፤ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ከኋላው ማሽን ያፏጫል።

«ቦታ ተገኘ! ቃሉን አይቀበለኝም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረኝ! ልንገርህና አንተ...»

«አ-አይ!» አለ። ማሽኑ ቆመ፣ አፉን ሲያጸዳ ሰማሁት። «ከዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም፣ ቢነግሩኝም አልችልም። ፕሮግራሙም አይችልም፣ አያውቀውማ። ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ የትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ ፊደላት አሉ፣ ምን ይላሉ?»

አየሁት። የኛ ፊደል ነበር። ትናንት ማታ ቢልያና የቤት ሥራዋን የጻፈችበት እንዳለ ቀርቷል፤ የዚያን ቀን ዶሮው ገና ስላልጮኸ እኔም ቁልፎቹን አልነካሁም ነበር። ሁለቴም የላቲኑን ቁልፍ እየተጫንኩ የኛን ፊደል ስጽፍ ነበር፤ ነጥቡ ስለሚደብቀው አላየሁም።

«የኛ ነው።»

«ይቀይሩት። ከዚያ ቀስ። በጣም ቀስ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው። እኔ ስልኩን ልዘጋ ነው፣ እንዳልሰማዎት።» ዘጋው።

ቀየርኩት። እያንዳንዱን ፊደል በአመልካች ጣቴ፣ በሹክሹክታ እየጠራሁ፣ ከቁልፉ ላይ ጣቴን ሳላነሳ ቀጣዩን በዓይኔ እየፈለግሁ ተጫንኩ። ነጥቦቹን ቆጠርኳቸው። ልክ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ አጸናሁት።

«ቀጠሮዎ ተይዟል።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስቴ ዞርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁና ለቢልያና እውነቱን ነገርኳት። ሾርባዋን እየበላች አዳመጠችኝ።

«እሱን አውቄአለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ጫማ ሳስር አብረሽኝ ስትቀመጪ። አንቺ እኮ ዝም ብለሽ ቁጭ የምትዪ ሰው አይደለሽም።»

የሶፊያ አውቶብስ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። በመግቢያው በር ስንወጣ እትዬ ቶትካ ከምሽት ልብሳቸው በላይ ኮት ደርበው፣ ማሰሮ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ በመግቢያ ሁለት የሚደበቅ ነገር ከአንድ ቃል በቀር አልነበረኝም። መንገዳችን እንዲቀናልን ውሃውን ደረጃው ላይ አፈሰሱት። ቢልያና ልትዘለው ስትል «አትዝለዪው፣ ርገጪው!» ብለው ተቆጧት። ለኔ ምንም አላሉኝም። እኔም ረግጬው አለፍኩ፣ ጫማዬ ራሰ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ቢልያናን አስተኝታ ደረቷ ላይ ቅባት ስትቀባ ልጄ «በረዶ ነው!» ብላ ጮኸች። ማያው ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሐኪሟን ፊት እንጂ ማያውን አላየሁም። አንድ ቦታ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች፣ መሣሪያውን አዞረች፣ መልሳ አየች።

«ትንሽ ቀዳዳ አለች» አለች በመጨረሻ። «ከተወለደች ጀምሮ ያለ ነው። ዛሬ የሚቆረጥ ነገር የለም። ትራመድ፣ ትዋኝ፣ ውድድር ግን አትሩጥ። ቀዳዳዋ ካደገች በቀጭን ቱቦ በእግሯ በኩል ገብተን እንዘጋታለን። በየስድስት ወሩ ማየት አለብኝ።»

«ካላደገችስ?»

«ካላደገች እያየናት ትኖራለች።»

«እንዴት አውቃለሁ ማደጓን?»

«እርስዎ አያውቁም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ለዚህ ነው የሚመጡት።»

ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ቢልያና «እማዬ!» አለችኝ።

መውጫው ላይ ያለችው ፀሐፊ ወረቀታችን ላይ ማኅተም ስትመታ ቀና ብላ አየችኝ። ደግ ፊት አላት። «የሚቀጥለውን በገጹ ነው የሚይዙት። ካስቸገረዎት የይለፍ ቃልዎን ይስጡኝና እዚሁ ልያዝልዎት፣ ብዙ እናቶች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«አያስቸግረኝም» አልኳት። «ብቻ ጥግ ላይ ልቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የጥቅምትን ያዝኩ፤ ለክትትል ለሚመለሱ ልጆች የተለየ ቦታ ነበራቸው። የስልኩ ፊደል ከላፕቶፑ ያነሰ ስለሆነ ትንሽ ቆየሁ፤ ቢልያና ከመሸጫው ማሽን ብስኩት አውጥታ፣ ጨርሳ፣ ሌላ ልታወጣ ስትል ነው የጨረስኩት።

አውቶብሱ ላይ ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። እጄን ጀርባዋ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አደረግሁ። ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ይመታል። ከተማው አልቆ ተራራው ሲጀምር፣ ተራራው አልቆ ሜዳው ሲመጣ፣ እጄን አላነሳሁም።

«እማዬ፣ እጅሽ ይከብዳል።»

«ተኚ።»

«እንዴት ልተኛ? እየቆጠርሽኝ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ስንት ደረስሽ?»

«አራት መቶ ስልሳ» አልኳት። ሳቀች፣ በሳቋ መካከል ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።